አውቶቡሱ እስከ ቁሊቶ አይቆምም

ሰኞ፣ ሚያዝያ 2

ዛሬም በሩ ላይ አመለጠኝ። ከትምህርት ቤት እስከ ደጃፌ ደህና መጥቼ፣ ልክ መቀርቀሪያውን ስነካ። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው። ቀሚሴን ቀየርኩ፣ የረጠበውን አጥቤ ከጓሮ እንሰቱ ሥር አሰጣሁት። ፊት ለፊት ባሰጣው አማቴ "ዛሬም አጠብሽ?" ትላለች።

ጠዋት ዲሬክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። ለክረምቱ የመምህራን ኮርስ ዘንድሮም ተመርጫለሁ፤ አዲስ አበባ ነው። "ዘንድሮ ካልሄድሽ ግን የቋሚነትሽ ነገር አበቃለት። ቦታሽን ኮርሱን ለጨረሰ ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ዓመት አውቶቡሱ ገና ከሆሳዕና ሳይወጣ አስቁሜ ወርጄ፣ ሻንጣዬን ተሸክሜ በእግሬ ቤቴ መግባቴን ያውቃል። ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። "አሞኝ ነው" ነበር ያልኩት። ውሸትም አይደለም።

"እሺ፣ እሄዳለሁ" ብዬ ወጣሁ። ምን ልበል? አውቶቡሱ እስከ ቁሊቶ አይቆምም። በዚያ ጭቃ እስከ ቁሊቶ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ የማስተምረው እግሬን አነባብሬ ነው። ወንዶቹ ሲጨንቃቸው ሹፌሩ ላይ ይጮኹና ወርደው ጎማው ሥር ይቆማሉ። ሴት "አቁሙልኝ" ብላ ብትወርድ የት ትገባለች? መንገዱ ግራና ቀኙ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ገብስ ነው።

ማስተማሬን እወዳለሁ። በሀዲይኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብልኝ የሚሰማኝን ለማንም አልሰጥም። በሽንት ምክንያት ሥራ ማጣት፣ ይህ እንዴት ያለ ውርደት ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3

ሲያጣድፈኝ፦ መቀርቀሪያ ስነካ። ከእንስራ ውኃ ሲቀዳ ስሰማ። ጠዋት ብርድ ሲመታኝ። ወንዝ ስሻገር። ዲሬክተሩ በክፍሌ መስኮት ብቅ ሲል።

ውኃ መጠጣት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ለውጥ ግን የለውም። አልጋውን ለባሌ ለሃንዲሶ ትቼ ከልጆቹ ጋር መደብ ላይ መተኛት ከጀመርኩም ቆየሁ። "ትንሹ ልጅ ያለ እኔ አይተኛም" እላለሁ። ሃንዲሶ አይጠይቅም። እህል ነጋዴ ነው፤ ገበያ ላይ አፉ አይዘጋም፣ ቤት ሲገባ ግን ዝም ነው።

ነገ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ጻፍኩት፤ ስለዚህ እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4

ሄድኩ።

የሚሲዮኑ ክሊኒክ አዋላጅ ሲስተር አመነች የአንጋጫ ሰው ናቸው። ሦስተኛ ልጄን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ገባሁና "ራሴን ያመኛል" አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ "ራሱን ያመመው ሰው ከገባ ጀምሮ እግሩን አያነባብርም" አሉኝ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ፊታቸው አልተለወጠም፣ ከንፈራቸውን አልመጠጡም። ጉንፋን ያዘኝ ያልኳቸው ያህል ነው ያዳመጡኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። ስታስነጥሺና ስትስቂ ነው ወይስ ድንገት አጣድፎሽ? አጣድፎኝ። ያቃጥልሻል? አያቃጥለኝም። ሽንቴን በብርጭቆ ተቀብለው ወስደው አዩትና "ኢንፌክሽን የለብሽም" አሉ።

አልጋው ላይ አስተኝተው ጓንት አጠለቁና መረመሩኝ። "አሁን ጣቴን ጭመቂው።" ጥርሴን ነከስኩ። ቡጢዬን ጨበጥኩ። ሆዴን፣ ቂጤን፣ ዓይኔን ሳይቀር አጠበቅኩ።

"ጥርስሽ ደህና ነው፣ ቡጢሽም ጎበዝ ነው። የጠየቅኩሽ ግን ሌላ ነው" አሉ። "ጸሎት ቤት ተንበርክከሽ ሳለ ፈስ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እየሳቅኩ ያንን እንደምይዝ ሳስብ አንድ ነገር ወደ ውስጥ ሽቅብ ሳብ አለ። "እሱ ነው። አገኘሽው" አሉ። ሁለታችንም ስንስቅ ውጭ ወረፋ የያዙት ሴቶች ምን እንዳሉን እንጃ።

እንዲህ አስረዱኝ። ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ ከፊት ካለው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረ ነው። የኔ ጠፍር አራት ልጅ ተኝቶበት ረግቧል። "የረገበ ጠፍር ይወጠራል እንጂ አልጋው አይጣልም" አሉኝ። ቀስ ብዬ ወደ ላይ እስበዋለሁ፣ እይዘዋለሁ፣ ሙሉ በሙሉ እለቀዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ተኝቼ፣ ተቀምጬ፣ ቆሜ። በየቀኑ።

"እስከ ክረምት እድናለሁ?"

"እንሞክራለን። ቃል አልገባልሽም።"

ቃል ባለመግባታቸው ይበልጥ አመንኳቸው።

አርብ፣ ሚያዝያ 6

እንደገና ጠርተውኝ ሄድኩ። ዛሬ ያነጋገሩኝ ስለ ልማዴ ነው። "መቼ መቼ ነው ሽንት ቤት የምትሄጂው?"

"ሲመጣብኝ። ሳይመጣብኝም፣ ለማንኛውም ብዬ እሄዳለሁ።"

"ያበላሸሽ ይሄ 'ለማንኛውም' ነው። ፊኛሽን በጠብታ እንዲጮህ አስለመድሽው። ተማሪሽ እጁን ባወጣ ቁጥር ከክፍል ብታስወጪው ምን ይሆናል?"

"ክፍሉ ባዶ ይሆናል።"

"እህ።"

የትምህርት ቤታችንን ደወል ያውቁታል፤ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ሲመታ ክሊኒኩ ድረስ ይሰማል። "ከእንግዲህ ፊኛሽ ሲጠራሽ ሳይሆን ደወሉ ሲጠራሽ ሂጂ። መጀመሪያ በየደወሉ። ስትለምጂ አንዱን እየዘለልሽ።" ሕክምናዬን በቸርኬ አደረጉት። ማን ያስበዋል ይህን?

መሃል ላይ ቢያጣድፈኝስ? መሮጥ የለብኝም፤ የሚያፈሰው ሩጫው ነው። ባለሁበት ቀጥ ብዬ መቆም ወይም መቀመጥ፣ ጡንቻውን ቶሎ ቶሎ መጭመቅ፣ መተንፈስ፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ መጠበቅ። ከዚያ በቀስታ መሄድ። ውኃም እንድጠጣ አዘዙኝ። ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይለበልበዋል አሉ። ሻይና ቡና ግን ቀንሺ። ይህች ትከብደኛለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19

ብሶብኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጨምቅ ከርሜ ዛሬ ሰሌዳው ፊት፣ የጃንሆይ ፎቶ ሥር፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ ፈሰሰኝ። ትንሽ ነው፣ ልጆቹ አላዩም። እኔ ግን አየሁት።

ተናድጄ ሲስተር ዘንድ ሄድኩ። "ይሄ ነገር አይሠራም" አልኳቸው። አልተቆጡም። "ልብስሽን አውልቂ" አሉ። ቀሚሴን ከፍ ሳደርግ መቀነቴን አዩት። ሁለት ዙር፣ እስትንፋስ እስኪያሳጣ የተጠበቀ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ነገርኳቸው። አራስ ሳለሁ አማቴ ናት ያሰረችልኝ፤ በእኛ ዘንድ ወገቧን ያላሰረች አራስ ሆዷ ይዘረገፋል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ፈትቼው አላውቅም። ሕክምናውን ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ያግዘኛል ብዬ አጠበቅኩት።

ሲስተር የሙቅ ውኃ ላስቲክ አመጡ። ውኃ ሞሉት፣ አፉን ወደ ታች ዘቀዘቁት፣ በሁለት ጣት ጨምቀው ያዙት። አንድ ጠብታ አልወጣም። "በይ መቀነትሽን ወገቡ ላይ እሰሪለት።" አሰርኩ። "አጥብቂው።" ሳጠብቀው ውኃው በጣቶቻቸው መሃል ፊጭ ብሎ ነጭ ጋዋናቸውን አራሰው።

"ጣቴ ደካማ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም።"

"እንግዲህ።"

አፍሬም ገርሞኝም ቁጭ አልኩ። እኒህ ሴትዮ በእጃቸው የሚያሳዩትን ነገር በአፋቸው አይናገሩትም። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቼ ግን አላውቅም። ቀንቻለሁ፣ በደግ ቅናት። መቀነቱን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወደ ቤት ስሄድ ሆዴ መሬት የሚወድቅ መሰለኝ፤ አልወደቀም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ስንፍቅ ዋልን። ሲስተር አስቀድመው ጠይቀውኝ ነበር፦ "ስትፍቂ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ አይደል? አውቃለሁ፤ እኔም ያደግኩት በእንሰት ነው።" እውነት ነው። ሁላችንም ተቀምጠን፣ ቅርፊቱን በተረከዝ ደግፈን፣ ትንፋሻችንን ይዘን በቀርከሃው መፋቂያ ወደ ታች እንገፋለን። የሚገፋው ግን ቃጫው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አደረግኩ። መጀመሪያ ከታች ሳብ፣ ከዚያ እፍ እያልኩ መግፋት። ጎረቤቴ "ምን ያስተነፍስሻል፣ እሳት ነው እንዴ የምታነጂው?" ብላ ሳቀችብኝ። ይሳቁ። እስከ ከሰዓት ፍቄ ቀሚሴ ደረቅ ነው። እጄ ግን ተልጧል።

ትንሽ ድል፦ ጓሮ ከእንስራው ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ። መጣ። አልሮጥኩም። ቆሜ ቶሎ ቶሎ ጨመቅኩ። ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 22

አሁን አንድ ደወል እዘላለሁ። ሁለተኛውን የምጠብቀው የማባዛት ሠንጠረዥ በልቤ እየደገምኩ ነው።

የዛሬው ነገር ግን ከዚህ ይበልጣል። በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ከስሟ ጋር የሚመሳሰል ቃል እንኳ ቢኖር በሌላ ለውጣ ትናገራለች። እኔና እማማ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ስለ አካላችን አንዲት ቃል ተናግረን አናውቅም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። መቀርቀሪያውን ስነካ መጣብኝ። ቆምኩ፣ ጨመቅኩ፣ ተነፈስኩ። ሲያልፍ በቀስታ ገባሁ። ተከትላኝ ገባች።

ወደ ግድግዳው እያየች፣ "ድሮ በሩ ላይ ትሮጪ ነበር" አለችኝ።

"አዎ እማማ።"

"አሁን ትቆሚያለሽ።"

"አዎ።"

 ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ያንን ቆመሽ የምታደርጊውን ነገር ለእኔም አሳዪኝ" አለች።

እማማ ጃጁራ ያለችውን ልጇን ለማየት ከሄደች ስንት ክረምት አልፏል። ሁልጊዜ "ጉልበቴ" ትላለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ጉልበቷን በቅቤ ሲያሽ ኖሯል። ለካ ጉልበቷ አልነበረም።

ወይ ጉዴ። የጠፍሩን ነገር ነገርኳት። የጸሎት ቤቱን ምሳሌ ግን ለአማት እንዴት ይነገራል? እያፈርኩ ነገርኳት። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። መቀነቷን በገዛ እጇ ፈታች። ያሰረችልኝ እጅ የራሱን ሲፈታ ሳይ ለዚህች ሴት ያለኝን አክብሮት የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። በእሷ ዕድሜ፣ ከምራቷ መማር። እኔ አልችለውም ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 11

ጸሎት ቤት ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነበር የምቀመጠው። ዛሬ ልቤ አበጠና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስብከቱ በአማርኛ፣ ትርጉሙ በሀዲይኛ፤ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይባላል። ቻልኩት። ጸሎቱንም ቻልኩት። ኩራቴ ከጣሪያው በላይ ሆነ። ስንወጣ ዝናብ፣ ብርድ፣ ጭቃ። ጃንጥላ የለኝም። ሮጥኩ። የቤቴ በር ላይ ሁሉም ወረደ። ጠብታ አይደለም፣ ሁሉም።

መደቡ ላይ ተቀምጬ ስነፋረቅ ሃንዲሶ ገባ። "የማርቆስ እናት፣ ማን ሞተ?" አለኝ። የበኩር ልጃችን ማርቆስ ስለሆነ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ማንም አልሞተም። ነገርኩት። የመደቡን፣ የአውቶቡሱን፣ የኮርሱን፣ ሁሉንም።

ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "እኔ እኮ ጠልተሽኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ያን ያህል ጊዜ።  እኔ ሽታዬን ስደብቅ እሱ ጥፋቱን ሲፈልግ ኖሯል። ከዚያ ተነስቶ የረጠበውን ቀሚሴን ራሱ አውጥቶ ፊት ለፊት ገመዱ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አሰጣው። ወንድ ልጅ ልብስ ሲያሰጣ ጎረቤት አይቶ ምን ይላል? ምንም ይበል።

ሰኞ፣ ሰኔ 12

ሲስተር ዘንድ በሐዘን ሄድኩ። ሁሉም ነገር ተበላሸ አልኳቸው።

"ከትናንት በፊት ያመለጠሽ መቼ ነበር?"

አሰብኩ። አላስታወስኩም።

"ድሮ ትረሺ ነበር?"

"አይ። እያንዳንዷን አውቃት ነበር።"

"በይ ሂጂ፣ ሥራዬን ልሥራ" አሉኝ። ወረፋው እስከ በር ደርሷል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 22

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ነገ ዕቃ እሰበስባለሁ፣ ቅዳሜ ጉዞ ነው። ወደ አልጋው ከተመለስኩ ሰነበትኩ፤ ስለዚህ ነገር ሌላ አልጽፍም።

ሲስተር ለመጨረሻ ጊዜ መረመሩኝ። "ጭመቂ።" ጨመቅኩ። "ያዢ።" ያዝኩ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ "በይ በቃ፣ ጣቴን መልሺልኝ፤ ሌላም ሴት ትፈልገዋለች" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ እንደ ሽልማት ነው።

ምን ላምጣላቸው? ሃንዲሶ ማር ውሰጂላቸው አለኝ። ወሰድኩ። ማሩን ተቀብለው ለአራሶቹ አሳለፉት። ጉንጫቸውን ስስም እንባዬን እንዳላሳይ ቸኮልኩ። ሰው ሁሉ የሚሸሽበትን ቦታ እኒህ ሴትዮ በየቀኑ ጓንት አጥልቀው ይገቡበታል፣ ሰዎችን ቀና አድርገው ያወጣሉ። የማደንቃቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ነው የምቆጥራቸው።

አርብ፣ ሰኔ 23

ፈርቻለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ደወል የለም።

ሃንዲሶ፣ "ሹፌሩን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ስትለው እንዲያቆም ልንገረው?" አለ። "ብትነግረው አልሄድም" አልኩት። ኋላ ግን ስለ ቁጣዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ደግ አስቦ ነው። ሹፌሩ አወቀብኝ ማለት ግን ሆሳዕና ሁሉ አወቀብኝ ማለት ነው።

እማማ ከጓዳ ጠራችኝና የራሷን ወፍራም ነጠላ ሰጠችኝ። "ወንበሩ ይበርዳል፣ አንጥፊው" አለች። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሐምሌ ሲገባ ሃንዲሶ ጃጁራ ሊወስዳት ነው፣ በጋሪ።

ያዝኩ፦ ሁለት ቀሚስ፣ ብርድ ልብስ፣ ቆጮ በቅጠል፣ ጠመኔ (ለምን እንደሆነ አላውቅም)፣ የእማማ ነጠላ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 24፣ ቁሊቶ

የምጽፈው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። አውቶቡሱ ጎማ እየቀየረ ነው።

ጠዋት መናኸሪያው ላይ ትንሽ አመለጠኝ። ልደብቀው አልፈልግም። ረዳቱ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ሲሞላ ሰማሁና ጠብ አለ። ባለፈው ዓመት ቢሆን ሻንጣዬን አስወርጄ እመለስ ነበር። ሃንዲሶ በመስኮቱ ያየኛል። ፊቴን አይቶ ገባው። እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ አውቶቡሱ እስኪነሳ አላነሳውም።

ከከተማው ስንወጣ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጨመቅኩ፣ ተነፈስኩ። ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ መጣ፣ ይህኛው ክፉ ነበር፣ ጉድጓዱ ያነጥረናል። አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ዶሮ በቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል፤ "ያምሻል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "አያመኝም እናቴ፣ እየሠራሁ ነው" አልኳቸው። ምን እንደምሠራ ሳይገባቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። እሱም ሄደ። የቢላቴን ወንዝ ስንሻገር ድልድዩ ላይ የውኃውን ድምፅ እየጠበቅኩ ጡንቻዬን አዘጋጀሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

አንድ እጅ ትከሻዬን ሲነካኝ ነቃሁ። "ተነሺ ልጄ፣ ቁሊቶ ነው፣ ሰው ሁሉ ወርዷል" አሉኝ ሴትዮዋ። ተኝቼ ነበር። አውቶቡስ ላይ፣ አፌን ከፍቼ። መጀመሪያ ወንበሩን በእጄ ዳበስኩ። ደረቅ ነው። እንደገና ዳበስኩት። የእማማ ነጠላ ደረቅ ነው።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ አንድ ሽንት ቤት አለ፣ የሴቶቹ ሰልፍ ረጅም ነው። ሄድኩና ተሰለፍኩ። በቀስታ ነው የሄድኩት። ተራዬ ሊደርስ ሲል ዞር ብል ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ከኋላዬ ናቸው፣ ቅርጫቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው እግራቸውን አነባብረዋል። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ።

"ይለፉ እናቴ፣ ይቅደሙኝ" አልኳቸው።

"አንቺስ?"

"እኔ መቆየት እችላለሁ።"

ቅርጫታቸውን አስይዘውኝ ገቡ።